ልጄ አልበላም አለኝ! ስለ ወላጅ፣ ልጅና ገበታ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ልጅ አልበላም ሲል ቤቱ ይታመሳል። ማንኪያ ይዞ መከተል አለ፣ ልመና አለ፣ ቁጣ አለ። በመጨረሻ ስልክ ይከፈታል። ከታች ያሉት ወላጆች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የልጅ አበላልና ከወላጅ ጋር ያለው ግንኙነት ምን አገናኛቸው?

ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሰው ጋር የሚገናኘው በዋናነት ሲመገብ ነው። ይርበዋል፣ ያለቅሳል፣ ሰው ይመጣል፣ ይጠባል፣ ይጠግባል። ይህ በቀን ስምንት ጊዜም፣ ከዚያ በላይም ይደጋገማል። በዚህ መሃል ሁለት ነገር ይማራል። አንደኛው ሲርበኝ የሚደርስልኝ አለ የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሆዴ የሚነግረኝ እውነት ነው፣ በቃኝ ስልም ሰሚ አለኝ የሚል ነው። ኋላ ላይ የሚመጣው አብዛኛው የገበታ ጣጣ ከዚህ ከሁለተኛው ጋር ይያያዛል።

ማብላት ብቻውን ግን ግንኙነት አይሆንም። በ1950ዎቹ መጨረሻ አሜሪካዊው ተመራማሪ ሃሪ ሃርሎው የጦጣ ግልገሎችን ከሁለት ሰው ሠራሽ “እናቶች” ጋር አኖረ። አንዷ ከሽቦ የተሠራች ነበረች፣ ጡጦ ተገጥሞላታል። ሌላዋ ለስላሳ ጨርቅ ለብሳለች፣ ወተት ግን የላትም። ግልገሎቹ ከሽቦዋ ጠብተው ወዲያው ወደ ጨርቋ ይመለሱ ነበር። ሲደነግጡም የሚሮጡት ወደ እሷ ነው። (ሙከራው በዛሬ ዓይን ሲታይ ጭካኔ የበዛበት ነው።) ስለ ቁርኝት በሰፊው የጻፈው እንግሊዛዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ጆን ቦልቢም ነጥቡ ይኸው ነበር። ልጅ የሚቆራኘው ላበላው ሁሉ ሳይሆን ሲጨንቀው ለሚደርስለት ሰው ነው። የቦልቢ ባልደረባ ሜሪ ኤንስዎርዝ ደግሞ እናቶች ሲመግቡ በየቤታቸው እየሄደች ተመለከተች። የሕፃኑን ምልክት አይተው ፍጥነታቸውን የሚያስተካክሉ እናቶችና የራሳቸውን ሰዓትና መጠን የሚጭኑ እናቶች ልዩነታቸው ግልጽ ነበር። የልዩነቱ ውጤትም ከገበታ አልፎ በልጆቹ ቁርኝት ላይ ታየ።

ስለዚህ ልጄ ምግብ መራጭ የሆነው በእኔ ጥፋት ነው?

በአብዛኛው አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ብዙ ወላጅ ያለ በቂ ምክንያት ራሱን ስለሚወቅስ ነው።

አዲስ ምግብ መፍራት ከ2 እስከ 6 ዓመት ባለው ዕድሜ የሚያይል የተለመደ ነገር ነው። ትናንት ሲያጣጥም የበላውን ካሮት ዛሬ እንደ ጠላት ሊያየው ይችላል። በብሪታኒያ ዕድሜያቸው ከ8 እስከ 11 በሆነ መንትዮች ላይ ተሠርቶ በ2007 የወጣ ጥናት አለ። ልጆች አዲስ ምግብ በመፍራት ረገድ ካላቸው ልዩነት 78 በመቶ ያህሉን ከዘር ጋር አያይዞታል። በአንድ ቤት፣ በአንድ ድስት ያደጉ ሁለት ልጆች፣ አንዱ ያገኘውን ሲበላ ሌላው አፍንጫውን የሚነፋው ለዚህም ነው።

ታዲያ ወላጅ ምን ላይ ነው ጉልበት ያለው? እኔ እንደማየው ልጁ ምን ይወዳል ከሚለው ይልቅ ለምን ይበላል የሚለው ላይ ነው። ርቦት ነው የሚበላው? ደብሮት? ሰው ለማስደሰት? ወይስ ሽልማቱን ለማግኘት? ይህን ልጅ የሚማረው ከሚያሳድገው ሰው ነው።

ነገሩ ከመቼ ይጀምራል?

ከመወለዱ በፊት። እናት የበላችው ምግብ ጣዕም ወደ ሽርት ውሃው ይገባል፣ ጽንሱም ይውጠዋል። ከወሊድ በኋላ ደግሞ በጡት ወተት በኩል ይደርሰዋል። ጁሊ ሜኔላ የተባለች ተመራማሪ ፊላዴልፊያ ውስጥ የሠራችው ጥናት በ2001 ታትሟል። ገሚሶቹ እናቶች በእርግዝናቸው የመጨረሻ ወራት፣ ሌሎቹ ደግሞ በሚያጠቡበት ጊዜ የካሮት ጭማቂ ጠጡ። ልጆቻቸው ተጨማሪ ምግብ ሲጀምሩ የካሮት ጣዕም ያለው ገንፎ ቀረበላቸው። ውሃ ብቻ ሲጠጡ ከነበሩት እናቶች ልጆች ይልቅ እነዚህኞቹ ፊታቸውን ያጨማደዱት ባነሰ ነበር።

ይህ ማለት ግን ነፍሰ ጡር ሁሉ ከጠዋት እስከ ማታ አትክልት ትጋጥ ማለት አይደለም። የተለያየ ምግብ መብላት ለልጁ ቀድሞ ያስተዋውቀዋል ማለት ብቻ ነው።

አፉን ያልፈታ ልጅ መራቡንና መጥገቡን እንዴት ልወቅ?

አራስ ከሆነ ጭንቅላቱን ወደ ጡት ያዞራል፣ እጁን ወደ አፉ ይወስዳል፣ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ለቅሶ መጨረሻ ላይ የሚመጣ ምልክት ነው። እዚያ እስኪደርስ ከተጠበቀ ለማጥባት ራሱ ያስቸግራል።

ከፍ ሲል ምልክቱ ይበዛል። የስምንት ወር ልጅ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል እንበል። ማንኪያው ሲመጣ ወደ ፊት ዘንበል ይላል። አፉን ቀድሞ ይከፍታል። እጁን ወደ ሳህኑ ይሰዳል። ርቦታል። ከስምንት ወይም ከአሥር ማንኪያ በኋላ ማላመጡ ይዘገያል። ዓይኑ ወደ በሩ ይሄዳል። የወንበሩን ማሰሪያ መነካካት ይጀምራል። ቀጥሎ ከንፈሩን ገጥሞ ፊቱን ያዞራል።

ወሳኟ ቅጽበት ይህቺ ናት። ማንኪያው ከወረደ በቃኝ ማለት እንደሚሠራ ይማራል። “አንዴ ብቻ፣ የመጨረሻ!” ተብሎ ሲስቅ አፉ ውስጥ ከተከተተበት ደግሞ ረጋ ያለው ምልክት እንደማይሠራ ይማራል። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ድምፁን ከፍ ያደርገዋል። ማንኪያውን ይመታል፣ ይተፋል፣ ጀርባውን ገትሮ ይጮኻል። ሰው “ይሄ ልጅ ጠባዩ ተበላሸ” የሚለው እዚህ ሲደርስ ነው። ልጁ ግን ቀድሞ በጨዋ ደንብ ተናግሮ ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት ሕፃናት እስከ 6 ወር ጡት ብቻ እንዲጠቡ፣ ከዚያ በኋላ ተጨማሪ ምግብ እየጀመሩ እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ጡት መጥባታቸውን እንዲቀጥሉ ይመክራል። በዚሁ ምክሩ ውስጥ ምን እንደሚሰጥ ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደሚሰጥም አለ። ቀስ ብሎ፣ ዓይን ለዓይን እየተያዩ፣ ሳያስገድዱ፣ የልጁን ምልክት እየተከተሉ ማብላት ይላል። ሰው ግን የመጀመሪያውን ይይዝና ሁለተኛውን ይረሳዋል።

ጡጦ የሚጠባ ልጅስ?

እሱም ያው ነው፤ አንድ ፈተና ይጨመርበታል እንጂ። ጡጦ ላይ ቁጥር ተጽፏል። የቀረችው 20 ሚሊ ሊትር ዓይን ውስጥ ትገባለች፣ “ጨርሰው” ታሰኛለች። ጡት ላይ ምን ያህል እንደቀረ የሚያይ ሰው የለም። ልጁን ቀና አድርጎ መያዝ፣ ጡጦውን ሙሉ በሙሉ አለመዘቅዘቅ፣ መሃል ላይ ዕረፍት መስጠት፣ ፊቱን ካዞረ የተረፈውን መድፋት ነው። በጡጦ የሚመገብ ልጅ ከወላጁ ጋር የሚኖረው ቁርኝት ያንሳል የሚለውን ወሬ ግን እርሱት። እቅፉና ዓይኑ እስካለ ድረስ ጡጦ ግንኙነት አያበላሽም።

መጀመሪያ ጎበዝ በላተኛ ነበር፣ ዓመት ካለፈው በኋላ ግን እምቢ አለ። ምን ነካው?

ብዙ ጊዜ ምንም አልነካውም። ሕፃን ዓመት እስኪሞላው ድረስ የተወለደበትን ክብደት ሦስት እጥፍ ያህል ያደርሳል። 3 ኪሎ የተወለደው 9 ኪሎ አካባቢ ይገባል ማለት ነው። በሁለተኛው ዓመት ግን የሚጨምረው ከ2 እስከ 3 ኪሎ ያህል ነው። ዕድገቱ ቀዝቀዝ ሲል የምግብ ፍላጎቱም አብሮ ይቀንሳል። እንዲህ ያለው ለውጥ እየመጣ፣ ልጁ ደግሞ በዚያው ዕድሜ “አይ” የሚለውን ቃል ይማራል። ሁለቱ ሲገጣጠሙ ወላጅ ይደነግጣል፣ መገፋፋት ይጀምራል። የገበታ ጦርነት በብዙ ቤት የሚፈነዳው በዚህ ሰሞን ነው።

በቀን ሳይሆን በሳምንት አስሉት። ሰኞ ምንም ያልበላ ልጅ ረቡዕ ሦስት ሰው የሚበላውን ሊበላ ይችላል።

“ሳህንህን ጨርስ” ማለት ምን ክፋት አለው?

ክፋት የለውም፣ ለልጁ ታስቦ ነው የሚባለው። ችግሩ የሚያስተምረው ነገር ነው። የመብላት ማቆሚያው ሆድ መሆኑ ይቀርና ሳህን ይሆናል።

በ2000 የወጣ አንድ ጥናት ይህን ጥሩ አድርጎ ያሳያል። ለ3 ዓመትና ለ5 ዓመት ልጆች ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ መጠን ያለው ምግብ ቀረበላቸው። የ3 ዓመቶቹ የቀረበው ቢበዛም ባይበዛም የሚበሉት ተመሳሳይ ነበር። የ5 ዓመቶቹ ግን ሳህኑ በተሞላ ቁጥር ብዙ በሉ። በሁለቱ ዕድሜዎች መካከል የሆነ ቦታ ልጆች ሆዳቸውን ማዳመጥ ትተው ሳህኑን ማየት ጀምረዋል።

ሌላው ደግሞ ግፊቱ ራሱ አለመሥራቱ ነው። በ2006 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ለመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ሁለት ዓይነት ሾርባ አቀረበ። አንደኛውን ሲበሉ “ሾርባችሁን ጨርሱ” እየተባለ ይደጋገምባቸዋል። ሌላውን ሲበሉ ማንም ምንም አይላቸውም። ብዙ የበሉት ያልተገፉበትን ነው። የተገፉበትን ሾርባ ደግሞ አጥብቀው አማረሩ።

እዚህ ላይ ለወላጅ ልከራከርለት። ግፊት ሁልጊዜ መነሻ አይደለም፣ ብዙ ጊዜ ምላሽ ነው። ልጁ ቀጭን ነው፣ አይበላም፣ ወላጅ ይሰጋል፣ ስለዚህ ይገፋል። ልጁ ሲገፋ ይብሳል፣ ወላጅም የበለጠ ይገፋል። ሁለቱም ወገን እውነት አለው። ክሩን ሊያላላው የሚችለው ግን ትልቁ ሰው ነው።

ካላስገደድኩ የፈለገውን ብቻ እየበላ ሊያድግ ነው?

አይደለም። ማስገደድና መልቀቅ ብቻ አይደሉም ያሉት። አሜሪካዊቷ የሥነ ምግብ ባለሙያ ኤሊን ሳተር ሥራውን ለሁለት ከፍላዋለች። ምን ይቀርባል፣ መቼ፣ የት የሚለው የወላጅ ነው። ይበላል ወይ፣ ምን ያህል የሚለው የልጁ ነው። ለብዙ ቤተሰብ የሠራ፣ ቀላልም የሚመስል ክፍፍል ነው። ሲሞከር ግን ቀላል አይደለም፤ አንዳችን የሌላውን ሥራ መቀማት እንወዳለን። ወላጅ የልጁን ሆድ ይለካል፣ ልጅ ደግሞ ምን ይበሰል ብሎ ያዛል።

በተግባር እንዲህ ይመስላል። ምግብና መክሰስ የታወቀ ሰዓት አላቸው። በመሃል ውሃ ብቻ ነው። ለሁሉም የሚቀርበው አንድ ዓይነት ምግብ ነው፣ ከሚቀርበው ውስጥ ግን ልጁ የለመደው ቢያንስ አንድ ነገር ይኖራል። አልፈልግም ካለ “እሺ፣ ከእኛ ጋር ትንሽ ቁጭ በል” ይባላል። ሌላ ምግብ አይሠራለትም፣ ንግግርም አይደረግለትም። ሃያ ደቂቃ ያህል ካለፈ ይነሳል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ብስኩት ሲጠይቅ “መክሰስ ሰዓታችን ሲደርስ” ይባላል። የመጀመሪያው ሳምንት ያታክታል። ልጁ እውነታችሁን መሆኑን ይፈትናላ!

“ልጅ የሚያስፈልገውን ራሱ ያውቃል” የሚሉ ሰዎች የክላራ ዴቪስን ስም ይጠራሉ። ይህቺ አሜሪካዊት የሕፃናት ሐኪም ከ1920ዎቹ ጀምሮ ገና ጡት የጣሉ 15 ሕፃናት ከ30 በላይ ምግቦች መካከል ራሳቸው መርጠው እንዲበሉ አደረገች። ምርጫቸው ከቀን ቀን የተዘበራረቀ ነበር፣ ግን ጤነኛ ሆነው አደጉ። ደጋፊዎቿ የሚዘሉት ነገር አለ። ከቀረቡት ምግቦች ውስጥ ስኳርም ሆነ ፋብሪካ የገባ ነገር አልነበረም። ዝርዝሩን ያወጣችው ትልቋ ሰው ናት። ልጆቹ የመረጡት ከዚያ ውስጥ ነው።

ጣፋጭ ጨርሶ ብከለክልስ?

ለሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ ስኳር የተጨመረበትን ምግብና መጠጥ አለመስጠት ጥሩ ነው፤ እሱ የማያውቀው ነገር አይናፍቀውም። ከዚያ በላይ ላለው ግን ዓይኑ ሥር አስቀምጦ መከልከል የተገላቢጦሽ ነው። በ1999 ጄኒፈር ፊሸርና ሊያን በርች የሠሩት ሙከራ አለ። አንዱን የብስኩት ዓይነት በሚያሳይ ዕቃ ውስጥ ጠረጴዛ መሃል አስቀመጡና ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ፈቀዱ። ተመሳሳዩ ሌላ ዓይነት ብስኩት ግን እንደፈለጉ ነበር። ልጆቹ አፋቸውም እጃቸውም ወደ ተከለከለው ሆነ። ስለሱ ያወራሉ፣ ስጡን ይላሉ፣ ዕቃውን ይነካካሉ።

የተሻለው ቤት ውስጥ አለማከማቸት ነው። የሌለ ነገር ክርክር የለውም። በበዓል፣ በልደት ሲመጣ ደግሞ ያለ ስብከት ይበላ።

“አትክልቱን ከጨረስሽ ኬክ አለ” ብላትስ?

ለዛሬ ይሠራል። ለነገ ያከስራል። ልጅቷ የምትረዳው አትክልቱ ካሳ የሚከፈልበት መከራ መሆኑንና ኬኩ ዋናው ነገር መሆኑን ነው። በ1984 በርችና ባልደረቦቿ ልጆች አንድ የወተት መጠጥ ሲጠጡ ሽልማት ሰጡ። ልጆቹ ለመጠጡ የነበራቸው ፍላጎት ከፊቱ ቀነሰ።

ለፍትሕ ያህል ግን ሌላም ወገን አለ። ልጆች የማይወዱትን አትክልት ትንሽ ሲቀምሱ ስቲከር የተሰጣቸውን ያጠኑ የብሪታኒያ ተመራማሪዎች በ2011 ጥሩ ውጤት አግኝተዋል። ልዩነቱ ይታየኛል። ሽልማቱ ምግብ አይደለም፣ የሚጠየቀውም መቅመስ ብቻ ነው፣ ማስጨረስ የለበትም።

ሲያለቅስ በብስኩት ባባብለው ምን አለበት?

አንዳንዴ ከሆነ ምንም የለበትም። ማን ነው ተራ ሲጠብቅ ብስኩት ያላወጣ? ልማድ ሲሆን ግን ከዚህ ጽሑፍ ጥያቄዎች ሁሉ እኔ የማከብደው ይህንን ነው።

ልጁ ወደቀ እንበል፣ ጉልበቱ ተላጠ። ያለቅሳል። አንዱ መንገድ እቅፍ አድርጎ “ቆስለሃል፣ ያማል አይደል?” ብሎ ማጠብ ነው። ሌላው ከረሜላ አፉ ውስጥ መክተት ነው። ሁለቱም ለቅሶውን ያስቆማሉ። ሁለተኛው እንዲያውም ይፈጥናል። ግን ልጁ ያዘነ ስሜት ያለ ሰው፣ ያለ ቃል፣ በጣፋጭ እንደሚደፈን ይለምዳል። ሲናደድም፣ ሲሰላችም፣ ሲፈራም ያው ከሆነ ርሃብና ጭንቀት ሆዱ ውስጥ ይደባለቁበታል።

በ2010 የታተመ ጥናት ከ3 እስከ 5 ዓመት ያሉ ልጆችን ፐዝል (ቁርጥራጮችን እየገጣጠሙ ሥዕል የሚሞሉበት ጨዋታ) ሰጥቶ አንድ ቁራጭ አጎደለባቸው። ልጆቹ ተበሳጩ። ሁሉም በልተው ጠግበው ነበር። ቤት ውስጥ ስሜታቸው በምግብ የሚባበል ልጆች ግን ከሌሎቹ ይልቅ ጣፋጭ በሉ። በእንግሊዝና በዌልስ በ2007 የተወለዱ መንትዮችን የሚከታተለው ጄሚኒ የተባለ ጥናት ደግሞ ስሜት ሲነካቸው የሚበሉ ልጆችን አይቶ ከዘር ይልቅ የቤት ውስጥ አካባቢ ድርሻ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ቅድም አዲስ ምግብ መፍራት በአብዛኛው ከዘር ነው ብያለሁ። ይህኛው በተቃራኒው ነው፣ እዚህ ላይ የእኛ እጅ ረጅም ነው።

የሚያጠቡ እናቶች አትደንግጡ። ሕፃን ጡት የሚጠባው ለርሃብም ለመጽናናትም ነው፣ በዚያ ዕድሜ ሁለቱ አይነጣጠሉም። የማወራው ስለ ከፍ ያሉት ነው።

ግንኙነቱ ክብደት ላይ እስከ መድረስ ይሄዳል?

ተያይዞ ታይቷል። በ2001 አሜሪካ ውስጥ የተወለዱ ከ6,000 በላይ ልጆችን የተከታተለ ጥናት በ2011 ወጥቶ ነበር። በ2 ዓመታቸው ከእናታቸው ጋር የተረጋጋ ቁርኝት ያልነበራቸው ልጆች አራት ዓመት ተኩል ሲሆኑ 23 በመቶ ያህሉ ከመጠን በላይ ወፍረው ነበር። የተረጋጋ ቁርኝት ከነበራቸው ደግሞ 17 በመቶ ያህሉ። አንዱ የሌላው መንስኤ ነው ለማለት ግን ይህ ብቻ አይበቃም። ውፍረት ገቢም፣ እንቅልፍም፣ ዘርም፣ ሰፈርም ያለበት ነገር ነው።

ስንት ጊዜ ላቅርብለት? ሦስቴ ሞክሬ ተስፋ ቆርጫለሁ!

ሦስቴ ገና መጀመሪያው ነው። ጥናቶች ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት ከ8 እስከ 15 ጊዜ ነው። የምግቡ መጠን ትንሽ ይሁን፣ አንድ ቁራጭ ይበቃል። ማየት፣ መንካት፣ ማሽተት፣ ልሶ መትፋት ሁሉ ይቆጠራል። እየተገፋ ከሆነ ግን አይቆጠርም፣ ቂም ነው የሚያከማቸው።

እኔ ራሴ አትክልት አልወድም። እሱን ብላ ማለት እችላለሁ?

ማለት ትችላላችሁ፣ እንደማይሰማችሁ እያወቃችሁ። ከ2 እስከ 5 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ተሠርቶ በ2005 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ልጆች አዲስ ምግብ በብዛት የበሉት አጠገባቸው ያለው አዋቂ ያንኑ ዓይነት ሲበላ ነው። አዋቂው ዝም ብሎ ቢቀመጥ ወይም ሌላ ነገር ቢበላ ያን ያህል አይሠራም። ስለዚህ አብራችሁ ብሉ። ካልወደዳችሁትም በልጁ ፊት “ኤጭ” አትበሉ። “እኔ ገና እየለመድኩት ነው” ማለት ሐቅም ነው፣ ይበቃልም።

ስልክ ካልተከፈተለት አይበላም።

በስክሪን ፊት አፉን የሚከፍት ልጅ እየበላ አይደለም፣ እየተሞላ ነው። የሚበላውን አያይም፣ መጥገቡን አይሰማም፣ የእናንተንም ፊት አያይም። በአንዴ ሳይሆን ከአንዱ ሰዓት ጀምሩ። ለምሳሌ ቁርስ ላይ ስልክ የለም። የእናንተም ጭምር! በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚበላው ይቀንሳል፣ ጤነኛ ልጅ ከሆነ ግን ቆይቶ ያካክሰዋል።

ከሞግዚቷ ጋር ይበላል፣ ከእኔ ጋር ግን ድራማ ነው።

ይህ ብዙ ጊዜ የመጥፎ ወላጅ ምልክት አይደለም። ልጅ የሆዱን የሚያወጣው ከሚተማመንበት ሰው ጋር ነው። ቀኑን ሙሉ ስትጠፉበት ቆይታችሁ ማታ ስትመጡ ማዕዱ መናፈቂያው ይሆናል፣ እምቢታው ትኩረታችሁን ያመጣለታላ። ከእራት በፊት አሥር ደቂቃ ስልክ አስቀምጣችሁ ወለሉ ላይ አብራችሁት ብትጫወቱ ገበታው ይቀላል። አያቶችና ሞግዚት ደግሞ በሁሉ ነገር ባይስማሙም በሁለት ነገር ይስማሙ፦ አይገደድም፣ በመሃል ጣፋጭ አይሰጠውም። የቀረውን ልቀቁላቸው።

እኔ ያደግኩት እየተገደድኩ ነው። ያው ነገር ከአፌ ይወጣል።

የብዙ ሰው ታሪክ ነው። ምግብ በሚጎድልበት ቤት ሳህን ማስጨረስ ትርጉም ነበረው። ነገ መኖሩ ያልታወቀ ምግብ ዛሬ መበላት አለበት። ያ ሰው ክፉ አልነበረም፣ የፈራ ነበር። ፍርሃቱ ግን ምግብ ከሞላ በኋላም ይተላለፋል። “እየራበው ነው” የምትሉት የእናንተን ፍርሃት ይሁን የልጁን ሆድ ለይታችሁ ጠይቁ።

ከወሊድ በኋላ የመጣ ድብርትም እዚህ ይገባል። ድብርት የያዛት እናት የልጇን ምልክት ለማየት አቅም ያጥራታል። ይህ ሕክምና ያለው ሕመም ነው፣ እሷን ማሳከም ልጁንም መመገብ ነው። ስለ ክብደትም አንድ ነገር ልጨምር። ልጅ ፊት ራሳችሁን “ወፈርኩ” እያላችሁ አትስደቡ፣ እሱንም “ቀጫጫ” ወይም “ወፍራሟ” አትበሉ። በቀልድም ቢሆን።

ልጄ ሰባት ዓመቱ ነው። ረፍዶ ይሆን?

አልረፈደም፣ ግን ይዘገያል። ሰባት ዓመት የሆነው ልጅ ማብራሪያ ይገባዋል። “እስከ ዛሬ ጨርስ እያልኩ አስጨንቄሃለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ምን እንደሚሠራ እኔ እወስናለሁ፣ ምን ያህል እንደምትበላ አንተ” በሉት። መጀመሪያ አያምናችሁም። ከረሜላ ለመንጠቅም ይሞክራል። ገበያ ይዛችሁት ሂዱ፣ ሽንኩርት ይላጥ፣ እንቁላል ይምታ። የነካውን መቅመስ ይቀለዋል።

ሐኪም ጋ መሄድ ያለብኝ መቼ ነው?

ክብደቱ ከቀነሰ ወይም ለወራት ካልጨመረ። ሲውጥ ካነቀው፣ ካሳለው ወይም ካመመው። በተደጋጋሚ ካስመለሰው። ከምግብ በኋላ ሰውነቱ ካበጠ ወይም ሽፍታ ከወጣበት (ከንፈሩ ወይም ፊቱ ካበጠ፣ ወይም መተንፈስ ካቃተው ቀጠሮ ሳይጠብቁ ድንገተኛ ክፍል ነው)። የሚበላቸው ምግቦች እያነሱ ሄደው በጣት የሚቆጠሩ ከሆኑ። አንድን የምግብ ዓይነት፣ ለምሳሌ የሚታኘክ ነገርን በሙሉ፣ ከተወ። ምግብ ሲያይ ከፈራ።

ከተራ መራጭነት ያለፈ ችግር አለ። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 ባወጣው መመሪያ ምግብን የመሸሽና የመገደብ ችግር ብሎ ራሱን የቻለ ቦታ ሰጥቶታል። ልጁ ውፍረት ፈርቶ አይደለም የሚተወው። ሽታው፣ ልስላሴው ወይም አንቆኝ ይሆናል የሚለው ፍርሃት ነው። ይህ በቤት ውስጥ ብልሃት ብቻ አይፈታም፣ በወላጅ ጥፋትም አይመጣም።

ስትሄዱ የክብደትና የቁመት መከታተያ ካርዱን ያዙ። ልጁ የሚበላቸውንና የተዋቸውን ምግቦች በወረቀት ጻፉ። ከተቻለም አንድ ሙሉ ማዕድ፣ ከመጀመሪያው ማንኪያ እስከ መጨረሻው፣ በስልክ ቅረጹ። ሐኪሙ ክፍል ውስጥ ልጁ ላይበላ ይችላል፣ ቪዲዮው ግን አኘካከሉንም፣ አዋዋጡንም፣ በእናንተና በእሱ መካከል የሚሆነውንም ያሳያል።